በዋሻው አፍ ላይ የተከመረ እሾህ

የለውዝ ዛፎች ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት ሰሞን ወስፌዬንና ቆዳዬን አንግቤ፣ ጫማ ልሰፋ ወደ ሽናጋር መንደር ስወጣ፣ በአሮጌው የባቡር ዋሻ አፍ ላይ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ደረስኩ።

አንደኛው ታዎስ ካን ናቸው። በወጣትነታቸው የሐዲድ ጠባቂ ነበሩ። ጎርፍ ድልድዩን ከወሰደ፣ ሐዲዱም ተነቅሎ ከተጫነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እሳቸው ግን ዛሬም ከንጋት ሶላት በኋላ ረጅሙን መዶሻቸውን ይዘው ዋሻውን ከዳር እስከ ዳር ሳይፈትሹ ቁርስ አይቀምሱም። ሌላ ሰው እንዳይገባም አፉን በእሾህ አጥረውታል። ሁለተኛዋ የወንድማቸው ልጅ ዛርሚና ናት፤ ከጋራው ማዶ ባለው የሴቶች ትምህርት ቤት ታስተምራለች።

“እንኳን መጣህ!” አሉኝ ሽማግሌው ሰላምታዬን መልሰው። “ና ፍረድ። ይቺ ልጅ የአባቴን ደንብ ልታስፈርሰኝ ነው።”

“ፍርድ አላውቅም፤ ማዳመጥ ግን እችላለሁ” ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

“ካካ” አለች ዛርሚና፤ አጎቷን የምትጠራቸው እንደዚያ ነው። “በረዶው ሊገባ ነው። አምና ተማሪዬ ጉላላይ ከጋራው ተንሸራታ እግሯ ተሰበረ። ዘንድሮ አባቶች ‘በዚያ ገደል ልጅ አንልክም’ ብለዋል። ዋሻው ካልተከፈተ የአሥራ አራት ልጆች ትምህርት እዚህ ላይ አበቃ።”

“ካበቃ ይብቃ! እናትሽ ሳትማር አልወለደችሽም?”

“ወልዳኛለች። የሐኪሙን ወረቀት የሚያነብላት አጥታ የሚቀባውን መድኃኒት የጠጣችውም እሷው ናት። በአህያ ጭነው ሐኪም ቤት ያደረሷት እርስዎ አይደሉ?”

ሽማግሌው ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ጢማቸውን ዳበሱ።

“ስሚ፤ ይህን ዋሻ ከፈለፈሉት አንዱ አባቴ ናቸው። ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ በወረርሽኝ አልቆበታል፤ መቃብሩ ያውልሽ። ሲያልቅ ‘እግረኛ አይገባም’ ተባለ። ይህን እንዳስከብር ለአባቴ ቃል ገብቻለሁ።”

“ለምንድን ነው የተከለከለው?”

“ባቡር እንዳይጨፈልቀው ነዋ!”

“ባቡሩስ የት አለ?”

“ደንቡ አለ።”

“ግድግዳው ላይ በየሃያ እርምጃው የተፈለፈለው ጎድጓዳስ ለባቡሩ ነው?”

“የለም፣ ለሰው ነው። ሠራተኛው ባቡር ሲመጣበት እዚያ ይጠጋል።”

“እንግዲያው አያቴ ድንጋይ የፈለፈሉት ሰው እንዲተርፍ ነው። ልጆቹም እንዳይወድቁ መጠጊያ ነው የምለምንዎት።”

ታዎስ ካን ወደ እኔ ዞሩ። “አንተስ ምነው አፍህን ሰፋኸው?”

“አባባ፣ እኔ የማውቀው ጫማ ነው” ብዬ ከተማሪዎቹ ለጥገና የተቀበልኳቸውን፣ ጫፋቸው የተበላ ሁለት ትንንሽ ጫማዎች ከከረጢቴ አወጣሁ። “የጋራውን ክፋት ከእነዚህ አውቀዋለሁ። ደግሞስ ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ምጽዋት ነው ሲባል መስጊድ አብረን ሰምተን የለ?”

ሽማግሌው ወደ እሾሁ አዩ።

“እኔ ደግሞ ተሸክሜ አመጣሁት” አሉ ቀስ ብለው። “እውነቱን ልንገራችሁ፤ መሃሉ ላይ ጣሪያው የላላ ድንጋይ አለው። ቢወድቅባቸውስ?”

ብዙ ጊዜ ደንብ ብለን የምንሟገትለት ነገር ውስጡ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ከወጣ መድኃኒቱ ቅርብ ነው።

“የላላውን የሚለይ ማን አለ?” አለች ዛርሚና።

“በመዶሻ መትቶ በድምፁ? ከእኔ ሌላ ማንም የለም!”

“በሉ እንግዲያው የላላውን ጎረምሶቹ ያውርዱት። ከዚያም እርስዎ በየጠዋቱ መትተው ‘ግቡ’ ሳይሉ አንዲት ልጅ አትገባም።”

“ምላስሽስ ከመዶሻዬ ይብሳል” አሉና ጎንበስ ብለው እሾሁን ማንሳት ጀመሩ። እኔም አገዝኳቸው። “አንተ ሞኝ፣ ጫማ ካልተቀደደ ምን ልትበላ ነው?” አሉኝ።

“ሲሳይ ከአላህ ነው።”

የበረዶው ወራት ሲያልፍ ተመልሼ ሄድኩ። አሥራ አራቱም ከትምህርታቸው አልቀሩም። ጉላላይ ለመንደሩ የሐኪም ወረቀት ታነባለች። የግማሽ ቀኑ መንገድ የግማሽ ሰዓት ሆኖ፣ እናቶች እርጎ ሳይበላሽባቸው ገበያ ያደርሳሉ፤ ምጥ የያዛትም ሴት በበረዶ መሃል በዋሻው አልፋ ሐኪም ቤት በሰላም ተገላግላለች። አልሐምዱሊላህ።

ታዎስ ካን በዋሻው አፍ ላይ፣ ድሮ ባቡሩን ‘እለፍ’ ይሉበት የነበረውን አረንጓዴ ጨርቅ ይዘው ቆመዋል። ልጆቹ ተራ በተራ ይገባሉ። ከኋላ የቀረችው ትንሿ ቀና ብላ፣

“ካካ፣ ባቡሩ መቼ ነው የሚመለሰው?” አለቻቸው።

“መጥቷል እኮ፤ የመጨረሻው ፉርጎ አንቺ ነሽ” አሉና ጨርቁን ከፍ አድርገው አውለበለቡ። “እለፊ ቶሎ፣ እንዳይዘገይብን!”