የጋሽ ሳልህ ዋስ

ይህን ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ለባለቤቴም ጭምር። በደርግ ጊዜ ላሊበላ አስተምር ነበር። ከደሴ ስመለስ አውቶብሳችን ጋሸና ኬላ ላይ ቆመ። መታወቂያዬን ቤት ረስቼዋለሁ። ፈታሹ፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ። የአባቴን ስምና የሚያገለግሉበትን ደብር ስነግረው፣ «እንዴ፣ የመሪጌታ ልጅ! ተቀመጪ እኅቴ» ብሎ አለፈኝ። ከኋላዬ የነበሩት ጋሽ ሳልህ፣ ከየመን መጥተው ላሊበላ ላይ ልብስ ሲሰፉ ያረጁ ሰው፣ በላስቲክ የጠቀለሉትን የመኖሪያ ፈቃድ ፈትተው ሰጡት።

«የውጭ ዜጋ ነህ? ውረድ!»

«ልጄ፣ ቀኑ እኮ አላለፈበትም።»

«ቀኑን ተወው። ዋስ የሚሆንህ ሰው አለ?»

ጋሽ ሳልህ እኔን አዩኝ። የለበስኩትን ቀሚስ የሰፉልኝ እርሳቸው ናቸው። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ አፈርኩና አቀርቅሬ ዝም አልኩ። አውርደው ኬላው ላይ አስቀሯቸው። አውቶብሱ ሲነሳ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ፣ «እኛስ ታድለን! በገዛ አገራችን ማን ውረዱ ይለናል?» አሉኝ። መታደሉስ እውነት ነው። ግን እናቴ እዚህ አማጠች እንጂ እኔ ምን ሠራሁ? እርሳቸው ሃያ ዓመት ሙሉ የላስታን ሰው አልብሰው ያላገኙትን፣ እኔ እዚህ ተወልጄ በማልቀሴ ብቻ አገኘሁት።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤት አልገባሁም። መታወቂያዬን ይዤ በእህል መኪና ጋሸና ተመለስኩና ፈታሹ ፊት ቆምኩ። «ዋሳቸው እኔ ነኝ» አልኩት።

«ትናንት አታውቂውም ነበር?» አለኝ።

ጋሽ ሳልህ እየሰሙኝ፣ «አውቃቸው ነበር» አልኩና ፈረምኩ።