ጠራዡና ደም የበዛበት መጽሐፍ

በሰፈሩ መጽሐፍ ጠራዡን የማያውቅ አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጠው የተገነጠለ ሲሰፉ፣ የላላ ሲያጠብቁ ኖረዋል። ልጆች «አባ ሙጫ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ስሙን እንዳልሰሙ ሆነው ያልፉታል እንጂ በልባቸው አይጠሉትም ነበር፤ «ከመቀስ ሙጫ ይሻላል» ይሉ ነበር ለባለቤታቸው። አንድ ትልቅ ኩራት ነበራቸው፤ የሚያፍሩበትን መጽሐፍ አንድም ቀን ጠርዘው አያውቁም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ክርና ካርቶን ገዝተው ሲመለሱ፣ ከክሊኒኩ ደረጃ አጠገብ አንዲት ወጣት ሴት የተሸከመችው ካርቶን ከሥሩ ተቀደደና መጻሕፍቱ መሬት ላይ ተዘረገፉ። ነፋሱም አላመነታም፤ የላሉትን ገጾች እያነሣ በመንገዱ ላይ ይበትን ጀመር። ወረቀት ሲበር እያየ የሚያልፍ ጠራዥ፣ ውሃ ሲፈስ እያየ እንደሚያልፍ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሽማግሌው ዕቃቸውን ጥለው ሮጡ። አንዱን በከዘራቸው ጫፍ፣ ሌላውን በጫማቸው እየያዙ ሰበሰቡ። ኋላ አንዱን ገጽ ቀና አድርገው ቢያዩት ደነገጡ። አንዲት ሴት ሰይፍ ይዛ ቆማለች፤ ከእግሯ ሥር የተቆረጠ ራስ ይንከባለላል፤ ጥቁር ቀለሙ እንደ ደም ገጹን አልብሶታል።

«ልጄ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

«መጽሐፍ ነው አባባ» አለች፤ የጉልበቷን አቧራ እያራገፈች።

«መጽሐፍ መሆኑማ ከዓይኔ አልጠፋም። የምጠይቅሽ እንዲህ ያለውን መዓት ተሸክመሽ ወዴት ነው?»

«ጠራዡ ዘንድ። አባ… ይቅርታ፣ መጽሐፍ ጠራዡ አባባ እዚህ አካባቢ ናቸው ብለውኝ ነው።»

«አባ ሙጫ በዪ፣ አትፈሪ። አግኝተሻቸዋል።»

ወጣቷ አፈረች፤ ወዲያው ግን ሳቀች። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዲሷ ኃላፊ እንደሆነች ነገረቻቸው። ካርቶኑን ተረዳድተው ወደ ሽማግሌው ክፍል ይዘውት ገቡ። እሷም ከመጽሐፍ መጭመቂያው አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጉዳይዋን አስረዳች።

«ይኸ ማንጋ ይባላል፤ ወደ አማርኛ የተተረጎመ የጃፓኖች ሥዕላዊ ልብ ወለድ ነው። ዐሥራ ሁለት ቅጽ አለው። በቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ የዚህን ያህል የተነበበ መጽሐፍ የለም፤ የተበጣጠሰውም ለዚህ ነው። ዓርብ የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ ይሰበሰባል። የተበጣጠሰ ሁሉ ከመደርደሪያ እንዲወገድ ወስኗል። ካልተጠረዘ ይጣላል፤ ከተጣለ ደግሞ ዳግመኛ አይገዛም።»

«እሰየው፣ ይጣላ!» አሉ ጠራዡ። «ልጄ፣ ስድብ አድርገሽ አትውሰጂብኝ። እኔ የታመመ መጽሐፍ ሳክም ኖርኩ እንጂ መርዝ ጠቅልዬ አላውቅም። ወጣቱ እንዲህ ያለውን እያነበበ ነገ ምን ይሆናል?»

«አባባ፣ አንብበውታል?»

«ሁለት ገጽ አየሁ። ወጡ ጨው እንደበዛበት ለማወቅ ድስቱን መጨረስ አያስፈልግም።»

«ልክ ነው፤ ግን ማንኪያው ድስቱ ውስጥ መግባት አለበት። እርስዎ የቀመሱት ክዳኑን ነው።»

ሽማግሌው ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ይህች ልጅ አፍ አላት፤ ግን አፏ ከትሕትናዋ አልቀደመም።

«እንዲህ እናድርግ» አለች። «መጽሐፎቹን እስከ ሐሙስ ያቆዩልኝ። እምቢ ካሉ እምቢታዎን ከነምክንያቱ ይጻፉልኝ፤ ለኮሚቴው እኔ ራሴ አነበዋለሁ። ይህንን ደብተርም ልተውልዎ። አንባቢዎቻችን ስለ መጽሐፉ ያላቸውን አስተያየት የሚጽፉበት ነው።»

ሽማግሌው ያለ ምክንያት እምቢ የሚል ሰው ተብለው መታማትን የመሰለ የሚጠሉት ነገር የለም። ስለዚህ እሺ አሉ።

በነጋታው የመጀመሪያውን ቅጽ አወጡ። ሽፋኑ ከተገነጠለ ቆይቷል፤ የገጽ ቁጥር ያለበት ጠርዝ በመዳፍ ብዛት ተበልቷል። ገጾቹን እንደ ልማዳቸው ከግራ ወደ ቀኝ ደርድረው፣ መነጽራቸውን ጠርገው ማንበብ ጀመሩ። ያነበቡት ሁሉ አንገበገባቸው። ሴትዮዋ ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አንድ አውሬ በሰይፍ ታርዳለች። ቀጥሎ ሰይፉን ትስላለች። ከዚያ መቃብር ዳር ተቀምጣ ታለቅሳለች። በመጨረሻ ደግሞ ከባሏና ከትንሽ ልጇ ጋር ጀልባ ላይ ሆና እየሳቀች ትዘፍናለች።

«ሰው መሳይ አውሬ!» አሉ። «ገድላ፣ ያለቀሰች አስመስላ፣ ኋላ ትዘፍናለች!» ወረቀት አውጥተው ለኮሚቴው የሚሆን ሁለት ገጽ ወቀሳ ጻፉ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ የጠነከረ፣ ቁጣውም የተመዘነ ነበርና ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ለራሳቸው አነበቡት።

ረቡዕ ጠዋት ሌሎቹ አንባቢዎች ምን እንዳሉ ለማየት ደብተሩን ገለጡ። በውስጣቸው የጠበቁት የስድብና የጭብጨባ ክምር ነበር። ያገኙት ግን ሌላ ነው። አንዲት ነርስ እንዲህ ብላለች፦ «ሥራዬ ቁስል ማጠብ ነው። በሌላ ታሪክ የተወጋ ሰው በማግሥቱ ይሮጣል። እዚህ ግን የተወጋው ሰው ሦስት ቅጽ ሙሉ ያነክሳል። ይህ ደራሲ ደም ሲያፈስ ዋጋውን አይደብቅም።» ከሥሩ አንድ ሌላ አንባቢ ጽፏል፦ «ስምንተኛው ቅጽ ላይ ደራሲው ደም ወደደ። ለታሪኩ አንድ ጦርነት ይበቃ ነበር፤ አራት ጨመረ።» ከዚያ በታች ሦስተኛ የእጅ ጽሑፍ ይመልሳል፦ «አልስማማም ወንድሜ። አራተኛውን ጦርነት እንደገና እየው፤ አንድም ያሸነፈ ሰው የለበትም። ደራሲው ሊያሰለቸን ፈልጎ ነው።» አንዲት እናት ደግሞ፦ «የዘጠኝ ዓመት ልጄ ተደብቆ አንብቦት ሁለት ቀን ብቻዬን አልተኛም አለኝ። መጽሐፉን አልጠላሁትም፤ የጠላሁት እጁ የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ መቀመጡን ነው» ትላለች።

ጠራዡ ከወንበራቸው ቀና አሉ። የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንዱ የአንዱን ቃል ሳያዋርድ፣ ምዕራፍ እየጠቀሱ ይሟገታሉ! እሳቸው በዕድሜያቸው ስንት ሽምግልና ተቀምጠዋል፤ እንዲህ የተደማመጠ ክርክር ግን እምብዛም አላዩም።

አንድ ነገር ግን አልገባቸውም። አንባቢው ሁሉ «ባሏን ቀብራ ሰይፉን ስታነሣ አለቀስኩ» ይላል። እሳቸው ባነበቡት ሰይፉ የሚቀድመው ቀብሩን ነው። ግራ ተጋብተው ገጽ ሲገልጡ ከአንዱ ጥግ ላይ በቀይ የተጻፈ አገኙ፦ «ኧረ በናታችሁ፣ ይህ መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ሽፋኑ ላይ ጻፉልን! እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ከኋላ ወደ ፊት ሳነብ ከረምኩ።»

ሽማግሌው ደብተሩን አስቀመጡ። መጽሐፉን አነሡ። ከወዲያኛው ጫፍ ገለጡት።

«ወይ ጉድ!»

ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። «ምን ሆንክ?»

«ምንም። የተበደለችዋን ሴት በዳይ አድርጌ ስፈርድባት ነበር የዋልኩት። ያውም በጽሑፍ!»

«እስቲ ጽሑፉን አምጣው፣ ምድጃው እሳት ይፈልጋል» አሉ ባለቤታቸው፤ ወቀሳውም በዚያው ነደደ።

ያን ዕለት ጠራዡ ሥራ አልሠሩም፤ ከቀኝ ወደ ግራ አነበቡ። ሴትዮዋ ጀልባ ቀዛፊ ናት። አውሬው መንደሯን አጥፍቷል፤ ባሏንም ገድሎባታል፤ ልጇን ግን ሕይወቷን አትርፋ ከአክስቷ ዘንድ አስጠግታለች። አውሬዎቹን የሚገድለው አንድ ሰይፍ ብቻ ነው፤ ሰይፉም በገደለ ቁጥር የያዘውን ሰው አንድ ትዝታ ይወስዳል። በመጀመሪያው ቅጽ መጨረሻ አውሬው ወድቋል፤ ሴትዮዋም ወደ ልጇ ተመልሳ አቅፋት ስሟን ልትጠራ አፏን ትከፍታለች፤ ስሙ ግን ጠፍቷል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። እንግዲህ ራስ ሲቆረጥ ማየት ቀላል ነው፤ የቆረጠው ሰው ምን እንዳጣ እስከ መጨረሻው ተከትሎ ማየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። እሳቸው የመጀመሪያውን አይተው ሁለተኛውን ሳያዩ ሊፈርዱ ነበር።

ሌሊቱን ሲያነቡና ሲሰፉ አደሩ፤ ሐሙስ ከሰዓት ኃላፊዋ ስትመጣ ገበታው ላይ ዐሥራ አንድ ቅጽ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ጀርባው በክር ተሰፍቶ ተደርድሯል።

«አባባ!» አለች፤ አንዱን አንሥታ እያገላበጠች።

«ቁጭ በዪ፣ ክርክራችን አላለቀም» አሉ በኩራት። «ከቀኝ እንደሚነበብ ሽፋኑ ላይ አትሜአለሁ። እንዴት አወቁ ብለሽ አትጠይቂኝ። ሁለተኛ፣ ያቺ እናት እውነቷን ነው፤ መጽሐፉ ለዐዋቂ ነውና ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይውጣ፤ ሲዋሱም ዕድሜ ይጠየቅ።»

«በደስታ። ይህን ሳላደርግ መቆየቴ የእኔ ጥፋት ነው።»

«ሦስተኛ፣ ስምንተኛውን አልጠርዘውም። ደሙ ከልክ አልፏል፤ ከአንባቢዎችሽም አንዱ መስክሯል።»

ኃላፊዋ ስምንተኛውን ቅጽ አነሣች። «አባባ፣ ስምንተኛውን ብናስቀረው ያ አንባቢ ‹ደም በዛ› ማለቱን ማን ያምነዋል? የመለሰለት ሰውስ ትክክል መሆን አለመሆኑን በምን እናውቃለን? ማስረጃውን ደብቀን ፍርዱን ብቻ ማሳየት ይሆንብናል።»

«ታዲያ መጥፎውንም ከደጉ ጋር ልስፋ?»

«ይስፉትና መጥፎነቱን ደብተሩ ላይ ይጻፉ። የሰው ልጅ ማመዛዘን የሚማረው ሚዛኑ ላይ ሁለቱም ሲቀመጡ አይደል?»

ጠራዡ ጢማቸውን ዳሰሱ።  የእሳቸውን የመሰለ ኩሩ ሰው በክርክር ሲረታ ወይ ይቆጣል ወይ ይማራል። እሳቸው ወስፌያቸውን አነሡ።

«በይ እንግዲህ፣ ክሩን አቀብዪኝ።»

ዓርብ ዕለት ኮሚቴው ፊት ዐሥራ ሁለቱን ቅጾች አቅፈው የገቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ፣ ሥዕሎቹን እያገላበጡ ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«እርስዎም ለዚህ ይቆማሉ? እርስዎን የመሰለ ጨዋ ሰው?»

«ጌታዬ፣ እኔ የቆምኩት ለደሙ አይደለም፤ ለአንባቢዎቹ ነው» አሉ ጠራዡ። «ይህን ደብተር ይመልከቱ። ነርሷ ከሥራዋ ያወቀችውን ጽፋለች፤ እናቲቱ ስለ ልጇ ጽፋለች፤ ወጣቶቹ ሳይሰዳደቡ በምዕራፍና በገጽ ይከራከራሉ። በየመንገዱ ‹አልስማማም› የሚለው ቃል ድንጋይ የሚያስነሣ ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ‹አልስማማም ወንድሜ› ተብሎ ተጽፏል። መጽሐፉን ስንጥል ይህን ትምህርት ቤት እንዘጋለን። ለሕፃን አይሁን፣ እሺ፤ ለዐዋቂ ግን ዐዋቂነቱን እንመንለት።»

ሰብሳቢው ደብተሩን ወስደው ለረጅም ጊዜ አነበቡ፤ እያነበቡም አንዴ ሳቁ፣ አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ለኃላፊዋ፦ «ለሌሎቹም መጻሕፍት እንዲህ ያለ ደብተር ይዘጋጅላቸው» ብለው ፈረሙ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለሕፃናቱ የየዕድሜያቸው መደርደሪያ ተለየላቸው፤ እናቶች ያለ ሥጋት ይልኳቸው ጀመር። መጽሐፍ ሳይመልሱ ይጠፉ የነበሩ ወጣቶች አስተያየታቸውን ለመጻፍ ሲሉ በቀኑ መመለስ ለመዱ። ለታሪክ መጽሐፉም፣ ለግብርናውም፣ ለሕክምናውም ደብተር ተከፈተ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነርሷ፣ እናቲቱና ጎረምሶቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም። ደንቡን ያወጡት ጠራዡ ናቸው።

እሳቸውም ስለ ስምንተኛው ቅጽ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፉ። በሳምንቱ ቢያዩ አንድ የማያውቁት ሰው ከሥሩ መልሷል፦ «አባባ፣ በሁለት ነጥብ አሳምነውኛል፤ በሦስተኛው ግን ተሳስተዋል። ምክንያቴን በሚቀጥለው ገጽ ያገኙታል።»

ደብተሩን ለአንድ ቀን ተውሰው ቤታቸው ወሰዱና ለባለቤታቸው አነበቡላቸው፤ ሁለት ጊዜ።

«ተሳስተሃል መባል እንዲህ የሚያኮራ ነው?» አሉ ባለቤታቸው።

«ገጹን ግለጪውና እዪ» አሉ ጠራዡ ደረታቸውን ነፍተው። «ሙሉ ገጽ ምክንያት! አርባ ዓመት በዚህ ሰፈር ስኖር እንዲህ አክብሮ የተቃወመኝ ሰው አልነበረም።»