የነገሌዋ ቱራኮ ምስክር

(ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር፤ የወፍ ተመልካቾች ማኅበር ስብሰባ ለሻይ ወጥቷል፤ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር አሰግድ፣ ሃያ ዓመት አብራው ወፍ ፍለጋ የዞረችው ጡረተኛ ነርስ ውድነሽ በተቀመጠችበት አግዳሚ ፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ቆሟል።)

አሰግድ፦ አንድ ፊርማ እኮ ነው የጠየቅኩሽ፤ ኩላሊትሽን አይደለም!

ውድነሽ፦ ኩላሊቴንማ ብትጠይቀኝ፣ ቢያንስ እንዳለኝ አውቃለሁ። ወፏን ግን መቼ አየኋት?

አሰግድ፦ እኔ አይቻታለሁ አይደል? ሃያ ዓመት አብረን ዞረን የእኔ ዓይን የአንቺ ዓይን አይደለም?

ውድነሽ፦ የትኛው ዓይንህ? ጫሞ ላይ የጉማሬ ጆሮ አይቶ «ይብራ ናት» ብሎ ጀልባችንን ያስጠጋው?

አሰግድ፦ ያ ድሮ ነው።

ውድነሽ፦ ጉማሬው ግን ድሮ ነው ብሎ የተወን አይመስለኝም። በል እስቲ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?

አሰግድ፦ «ስማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ሁለት ተመልካቾች፣ ከነገሌ ቦረና ወጣ ብሎ ባለ ጫካ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የልዑል ሩስፖሊ ቱራኮ የተባለችውን ብርቅ ወፍ በዓይናችን በብረቱ አይተናል።»

ውድነሽ፦ በዓይናችን በብረቱ! ያን ጠዋት ነገሌ አልጋ ላይ ተኝቼ በዓይኔ በብረቱ ሳይ የነበረው የሆቴሉን ባልዲ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያስመለሳት ሴት ጫካ ገብታ ወፍ አየች ብለህ ልትጽፍ?

አሰግድ፦ ማን ጥሬ ሥጋ ብይ አለሽ?

ውድነሽ፦ «የቦረና ሰንጋ ሳይቀምሱ መመለስ ኃጢአት ነው» ያለው ማን ሆነና!

አሰግድ፦ እሺ፣ እኔ ነኝ። ለሱም ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ውድነሽ፦ መቼ?

አሰግድ፦ ...በሆዴ።

ውድነሽ፦ የእኔም ሆድ መልስ ሲሰጥህ ነበር፤ ባልዲውን ጠይቀው።

አሰግድ፦ ስሚኝ፤ ጸሐፊው ከሻይ በኋላ የዓመቱን መዝገብ ሊዘጋ ነው። «ብርቅ ወፍ ያለ ምስክር አይመዘገብም» ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ። አራት ወር ሙሉ ለአባሉ ሁሉ ሳወራ ከርሜ!

ውድነሽ፦ ለአባሉ ብቻ? ዘበኛው እንኳ «ባለ ቱራኮው ጋሼ መጡ» ሲል ሰምቻለሁ።

አሰግድ፦ ታዲያ አሁን ገብቼ ምን ልበላቸው?

ውድነሽ፦ ወፍ የለም በላቸው። አጭር ነው፤ ሁሉም ይገባዋል።

አሰግድ፦ ቀልጂ አንቺ!

ውድነሽ፦ እሺ፣ አልቀልድም። ለማላውቃት ወፍ አልፈርምምና ንገረኝ፤ ምን ትመስል ነበር?

አሰግድ፦ አረንጓዴ።

ውድነሽ፦ ሰላጣም አረንጓዴ ነው።

አሰግድ፦ ስትበር ክንፏ ቀይ ይላል። ጉንጯ ላይ ደግሞ ነጭ አላት።

ውድነሽ፦ እሰይ! ጉንጯ ላይ ነጭ ያላትማ ወንዶ ገነት በየዛፉ የምትንጫጫው ናት። የነገሌዋ ነጩ አናቷ ላይ ነው፤ ነጠላ የተከናነበች ነው የምትመስለው።

አሰግድ፦ አናቷ ላይ ማለቴ ነው።

ውድነሽ፦ ወደ ላይ ወጣ? ትንሽ ብንቆይ ጭራዋ ላይ ሊወርድ ነው።

አሰግድ፦ ውድነሽ...

ውድነሽ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! አየሃት ወይስ አላየሃትም?

አሰግድ፦ ድምፅሽን ቀንሺ፤ ሰው ይሰማል።

ውድነሽ፦ ሰው አራት ወር ሰምቷል።

አሰግድ፦ ...አላየኋትም።

ውድነሽ፦ እህ።

አሰግድ፦ ጫካውም አልደረስኩ። ከከተማ ወጥተን ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ያቺ የተከራየኋት መኪና ጎማዋ ፈነዳ። እስኮርታ ጎማዋም ነፋስ የላት። ሾፌሩ ጎማውን ተሸክሞ በሰው ሞተር ሳይክል ወደ ከተማ ተመለሰ፤ እኔ እስከ አሥር ሰዓት ግራር ሥር ተጎለትኩ።

ውድነሽ፦ ያን ሁሉ ሰዓት ምንም አላየህም?

አሰግድ፦ አንድ ቁራ። እሱም ዳቦዬን በልቶ ሄደ።

ውድነሽ፦ ቢያንስ አንዳችሁ ቀንቶት ተመልሷል።

አሰግድ፦ ሳቂ፣ ሳቂ! የታመመች ሰው አልጋ ላይ ጥዬ ሄጄ ባዶዬን ልግባ? ቀና ብለሽ «አየሃት?» ስትይኝ «አዎ» የሚለው ቃል ቀድሞኝ ወጣ። ካየኋትማ ጥዬሽ መሄዴ ምክንያት ይኖረዋል። ካላየኋት ግን... ዝም ብሎ ጥሎ መሄድ ነው የሚሆነው።

ውድነሽ፦ ለካ ለእኔ ክብር ነው የዋሸኸው! እግዜር ይስጥልኝ።

አሰግድ፦ አትፈርሚም ማለት ነው?

ውድነሽ፦ እፈርማለሁ። አምጣው።

አሰግድ፦ የምርሽን ነው?

ውድነሽ፦ የምሬን። ግን ትንሽ እናርመው። «ጫካ» የሚለውን ሰርዝና «የሆቴሉ ጓሮ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለ የሾላ ዛፍ» በል። ሰዓቱን አምስት ሰዓት አድርገው። «ሁለት ተመልካቾች» የሚለውንም «አንዲት» ብትለው ይበቃል።

አሰግድ፦ ምንድን ነው የምትይው?

ውድነሽ፦ እንካ ስልኩን። ሦስት ፎቶ ነው፤ ሁለተኛው ላይ አፏ ውስጥ ሾላ ይታያል። ቀኑም ሰዓቱም ከሥሩ አለ፤ ምስክር አልለምንም።

አሰግድ፦ አናቷ ነጭ... ዓይኗ ዙሪያውን ቀይ... ውድነሽ! ራሷ ናት እኮ! ራሷ!

ውድነሽ፦ ሩብ ሰዓት ሙሉ ስትበላ ቆማ አየኋት። እሷ ሾላዋን፣ እኔ ባልዲዬን አቅፈን።

አሰግድ፦ ይህን ይዘሽ ነው አራት ወር ስቀባጥር ዝም ብለሽ ያየሽኝ? ምነው ያኔውኑ ብትነግሪኝ!

ውድነሽ፦ ያን ዕለት ገብተህ ስለ ወፏ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኸኝ። «አንቺስ እንዴት ዋልሽ?» እስክትለኝ፣ ይኸው እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።