ዘመድ ጥየቃ

እንደምን ዋልሽ ጎረቤቴ፣ ግቢ፣ ግቢ። በሩን ገርበብ አድርጊልኝ፣ ንፋሱ የጨርቅ ብጥስጣሹን ሁሉ እየበተነብኝ ነው። ቀሚስሽ ደርሷል፤ የቀረው ጫፉን ማጠፍና ወገቡን ትንሽ ማጥበብ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ልበሺውና ነይ፣ እዚህች በርጩማ ላይ ቁሚልኝ።

እሱን አትፈሪው፣ ወንድሜ ነው። ታላቄ። ካፖርቱን ሊወስድ መጥቶ ነው፤ አንድ ቁልፍ ስለቀረኝ ጠብቅ ብዬው ነው የተቀመጠው። ጋዜጣ ከያዘ ቤት ቢቃጠልም አይሰማ። ጋሼ፣ መስኮቱ ጋ ብትሆን ብርሃን ይሻልሃል... አየሽ? አልሰማኝም። እንግዲህ እንደ ልባችን እናውራ።

ቀጥ በይ። ትከሻሽን ልቀቂው። ውጭ አየሩ እንዴት ነው? ጥሩ ነው አይደል? ለመንገድ የሚሆን አየር ነው... መንገድ ላለበት ሰው ማለቴ ነው።

መንገድ ስል አንዲት ደንበኛዬ ያጫወተችኝ ትዝ አለኝ። የሰው ታሪክ ነው፣ እኛን አይመለከትም። አንድ ትልቅ ሰው አሉ አለችኝ፤ ሥራቸው በየሕንፃው እየዞሩ ሊፍት መፈተሽ ነው። አዎ፣ ልክ እንደ ወንድሜ። እኔም ስሰማ ገርሞኛል፤ ሙያ ይመሳሰላል፣ ምን ይደረግ? ታዲያ እኚህ ሰው ጥንቁቅ ናቸው። ጥንቁቅ ስልሽ እንደ ማንኛችንም እንዳይመስልሽ። ወንበር ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ነቅነቅ ያደርጉታል። ሻይ ሲቀዳላቸው ያፋጅ እንደሆነ ብለው ሌላ ሰው ፉት እስኪልላቸው ይጠብቃሉ። ዝናብ ከመጣ ጃንጥላ ይፈልጋሉ፣ ጃንጥላው ሲመጣ ደግሞ መብረቅ ይስባል ብለው ይመልሱታል። እንዲህ ያለ ሰው ለቤተሰብ ሀብት አይደለም? እሳቸው ላይ ምንም ነገር አይደርስም። ሌላው ላይ የሚደርሰውም እሳቸው ዘንድ አይደርስም።

ሁለት እህቶች አሏቸው። ትልቋ እዚሁ አገር ልብስ ሰፊ ናት... እሱም ተመሳሰለ፣ እኔ ምን ላድርግ? ትንሿ ውጭ አገር ነው የምትኖረው። ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው ሥራዋ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ስታነሣ ስታስቀምጥ የወገቧ ዲስክ ተንሸራተተ። ግራ እግሯ መደንዘዝ ከጀመረ ቆይቷል። ሐኪሞቹ ቶሎ ካልተቀደደች እግሩ እንደደነዘዘ ይቀራል አሏት፤ ቀንም ቆረጡላት፣ የፊታችን ሐሙስ። ግን አንድ ነገር ጠየቋት። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሁለት ሳምንት ብቻዋን መነሣት ስለማትችል፣ አጠገቧ የሚሆን ሰው ካላስመዘገበች አልጋው ለሌላ ይሰጣል፤ እሷ ደግሞ አራት ወር ትጠብቃለች።

ልጅቷ ለማን ትደውል? ለታላቅ ወንድሟ ደወለች። አገር ያዩት እሳቸው፣ ቋንቋ የሚችሉት እሳቸው፣ ፓስፖርቱ ማኅተም መምቻ ቦታ ያጣው የእሳቸው። መጣሁልሽ አሏት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ትኬቱ ተላከ። ብርድ አገር ነው ስለተባለ ካፖርት እንኳን ተሰፋላቸው፤ ጥሩ ካፖርት፣ ገበሩ ድርብ፣ የውስጥ ኪሱ ለፓስፖርት ተለክቶ የተሠራ... ኧረ የወንድሜን ማለቴ አይደለም፤ ያኛው ሌላ ካፖርት ነው። ክንድሽን አንሺ እስቲ።

ከዚያ ማስጠንቀቂያው ወጣ። ባለፈው ሳምንት መንግሥት ያወጣውን ሰምተሽ የለ? "አስፈላጊ ካልሆነ በስተቀር ወደዚህ አገር ከመጓዝ ይቆጠቡ" የሚለውን? ድንበሩ አካባቢ ተረብሿል ተብሎ ነው። ልጅቷ ያለችበት ከተማ ከድንበሩ በባቡር አንድ ሙሉ ቀን ይርቃል። እሷ ሰፈር የሚረብሽ ነገር ቢኖር የጎረቤቷ ውሻ ነው፤ እሱም ሲመሽ ይተኛል ትላለች። እሳቸው ግን ወረቀቱን አሳትመው፣ በቀለም አስምረውበት፣ ቤተሰቡን ሰብስበው ከላይ እስከ ታች አነበቡለት። ድምፃቸው መቼም ልብ ይነካል አሉ። አክስታቸው አለቀሱ። ባለቤታቸው አለቀሱ። ሁሉም ያለቀሰው ለእሳቸው ነው፤ ወገቧ የተንሸራተተው ልጅ ትዝ ያለችው ሰው አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ ብቻ አላለቀሰችም። እሷ ዓይኗ አንድ ቃል ላይ ቀረ። አስፈላጊ ካልሆነ ነው የሚለው፣ ታዲያ የእህት ነገር አስፈላጊ አይደለም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው፤ በትሕትና ነው የጠየቀችው። ይሄን እኔና አንቺ አንወስነውም፣ የሚመለከተው ክፍል አለ አሏት። እውነታቸውን ነው፤ ከወረቀቱ ግርጌ ስልክ ቁጥር ነበረው። ቁጥሩን መቱ። ድምፁን ከፍ አደረጉት፣ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ። አንዲት ሠራተኛ አነሣችና ለምን ጉዳይ ነው የሚጓዙት ብላ ጠየቀቻቸው። ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

"ዘመድ ጥየቃ።"

...

አትሳቂ፣ ስፒሉ ይወጋሻል። ዘመድ ጥየቃ አሉ። ሠራተኛዋ ታዲያ ምን ታድርግ? ዘመድ ጥየቃ ከሆነ ለጊዜው ቢያቆዩት ይሻላል አለቻቸው። ስልኩን ዘጉና ግንባራቸውን ጠረጉ። እኔማ ልሄድ ነበር፣ መንግሥት ከለከለኝ እንጂ ብለው በጣም አዘኑ። ሐዘናቸው ግን ተስማምቷቸው ነበር አሉ፤ ያን ቀን እራት ደግመው በሉ።

ያን ሁሉ ቋንቋ የሚያውቁ ሰው ማስታመም የሚለው ቃል ጠፍቷቸው ይሆን? እኔ አይመስለኝም። ምናልባት ከብዷቸው ነው። ጥየቃ ቀላል ነው እኮ፤ ብርቱካን ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ የአልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጫለሽ፣ አይዞሽ ትያለሽ፣ ሰዓትሽን ታያለሽ፣ ትወጫለሽ። ማስታመም ግን ማገላበጥ አለው፣ ማጠብ አለው፣ ሽንት ቤት ደግፎ ወስዶ በር ላይ መቆም አለው። ካፖርት ተለብሶ አይሠራም።

ደግሞ ጨካኝ ናቸው እንዳትይብኝ፤ ሌላ መላ አላጡም። በስልክ ከጎኗ እሆናለሁ አሉ። ስልኩን ትራሷ ላይ ታቆመዋለች፣ እሳቸው ከዚህ ሆነው በቪዲዮ እያዩዋት ተነሺ፣ ቀስ ብለሽ፣ ወደ ግራ ይሏታል። ማታ ማታም ያበረታቷታል። የሽንት ቤቱን በር በስልክ እንዴት እንደሚይዙላት ብቻ ለልብስ ሰፊዋ አልገባትም። ብዙም አልተማረችም መሰለኝ።

ዞር በይ፣ ጀርባሽን ልየው። እዚህ ጋ ተርፏል።

ፈሪ ናቸው እንዳትይም ደግሞ። አምና የሊፍት ኤግዚቢሽን ተብሎ አንድ አገር ሄደው ነበር። ያ አገር ያኔ በመንግሥት የጉዞ ማስጠንቀቂያ ካርታ ላይ በቀይ የተቀባ ነበር፤ የእህታቸው አገር ገና ቢጫ ነው። በቀዩ አገር አሥር ቀን ሰነበቱ። መዋኛ ገንዳ ዳር የተነሱት ፎቶ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል፤ ያኔ የሥራ ግዴታ ነው ብለው ነው የሄዱት። እንዲህ ናቸው፣ ለግዴታ ሲሆን ነፍሳቸውን አይሰስቱም። በተለይ ግዴታው ቁርስ ያለው ከሆነ።

ጋሼ፣ ገጹን ገልብጠው እንጂ፣ ያቺን አንድ ገጽ ከመጣህ ጀምሮ ነው የያዝካት... አይሰማም አላልኩሽም?

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ። ከስምንት ዓመት በፊት እሳቸው ሥራ ላይ ሳሉ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው፤ በዚህ አልፈርድባቸውም፣ የወደቀ ሰው ይፈራል። ግን ስድስት ሳምንት ሲተኙ አጠገባቸው ማን ነበር? ትንሿ። የመጨረሻ ዓመት ፈተናዋን ትታ። አጠበቻቸው፣ አለበሰቻቸው፣ ሲነጫነጩ ዝም አለች። ፈተናው ሁለተኛ አልተገኘም፤ ትምህርቷ እዚያው ላይ ቀረ፣ ለዚያ ነው ዛሬ ሰው አገር የሰው ልጅ የምትሸከመው። አንድም ቀን ስታነሣው ሰምቻት አላውቅም... ደንበኛዬ ሰምታት አታውቅም ማለቴ ነው።

ወጋሁሽ እንዴ? ይቅርታ። ተናድጄ ነው። ለሰው ታሪክ ይሄን ያህል መናደዴ ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

ልብስ ሰፊዋ በማግስቱ እዚያው ቁጥር ላይ ደወለች። እሷ እኮ የለየላት ፈሪ ናት፤ ወንድሟ ሊፍት ፈታሽ ሆኖ ሊፍት ፈርታ አራት ፎቅ በእግሯ የምትወጣ። ያቺው ሠራተኛ አነሣች። "የታመመች እህቴን ላስታምም ነው" አለቻት። ሠራተኛዋ ከተማውን ጠየቀቻት፣ ነገረቻት። እሱማ ከተረበሸው ቦታ ሩቅ ነው፣ ሰላም ነው አለች። ቀጥላም፣ "ማስታመም ከሆነ ምን ይጠይቁኛል፣ ይሂዱ እንጂ። እህትዎን ይማርልዎ" አለቻት። የማታውቃት ሴት እኮ ናት። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን እንደያዘች ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ለወንድሟ ነገረቻቸው? እንዴታ። ትኬቱም ካፖርቱም አለ፣ ከተማው ሰላም ነው ተብሏል፤ አሁንስ ይሄዳሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ትንሽ አሰቡና ሠራተኛዋ ተምታቶባታል፣ የሚጸናው መጀመሪያ የተሰጠው መልስ ነው አሉ።

በቃ፣ ከዚያ በኋላ ደግማ አልጠየቀቻቸውም። ትኬቱ በስሟ ተዛወረ፣ ሆስፒታሉም ስሟን መዘገበ። ፓስፖርቷ አንድም ማኅተም የለበት፤ ሁለት ቃል እንኳን የሰው አገር ቋንቋ አትችል። ለትንሿ ስትነግራት፣ ወንድምሽ ሥራ ይዞት ነው አለቻት። ልጅቷ ምን ብትል ጥሩ ነው? ጋሼን አሞት ነው እንዴ የቀረው፣ ደብቃችሁኝ እንዳይሆን ብላ ተጨነቀች። የራሷን እግር ትታ ስለ እሳቸው ዳሌ ስትጠይቅ ቆየች።

ውረጂ፣ ጨርሻለሁ። አውልቂና ስጪኝ፣ አሁኑኑ እሰፋዋለሁ፤ ለነገ የማቆየው ሥራ የለኝም። ከነገ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ቤቱ ዝግ ነው። የት ነው አትበይኝ... አየር ልቀይር ነው። አልዋሽሽም፣ ፈርቻለሁ። ግን ሐሙስ ሩቅ አይደለም።

ጋሼ፣ ካፖርትህ ደርሷል፣ ቁልፉም ተተክሏል። ልበሰው እስቲ... አቤት፣ ያምርብሃል። ሳሎን ውስጥ ለብሰኸው ብትቀመጥ ራሱ ግርማ አለው። ልትሄድ ነው? ትንሽ ብትቆይ ምናለ፣ ጨዋታ ይዘን ነበር። እሺ፣ ሰላም ግባ።

...

በሩ ላይ ቆሟል። ተይው፣ ጃንጥላውን እየፈለገ ይሆናል። እኛ ጨዋታችንን እንጨርስ። ለእኚያ ሰውዬ እኔ ክፉ አልመኝም፣ እሳቸው ምን በደሉ? ዕድሜ ይስጣቸው። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ እስኪነጣ ያቆያቸው። ሁለት ልጆች አሏቸው አሉ፣ ሲያዩዋቸው የሚያሳሱ፤ ይደጉላቸው፣ ይማሩላቸው፣ ወግ ማዕረጋቸውን ያሳያቸው። መልክም፣ አንደበትም፣ ሆድም... ቁርጥ አባታቸውን ይውጡ። አርጅተው አልጋ ላይ የዋሉ ቀን ደግሞ፣ እሳቸው ለእህታቸው የሆኑላትን ያህል ልጆቻቸው ይሁኑላቸው፤ አንድ ነገር እንኳን ሳይጎድል።

አሜን በይ እንጂ።