በእርሳስ የተጻፈው ስም

ክቡራትና ክቡራን... ይቅርታ፣ ጓዶች! ምላሴ ዛሬም አልለመደም። ይህን የጡረታ ስንብት ዝግጅት ስላሰናዳችሁልኝ፣ ይህን ጋቢ ስላለበሳችሁኝ አመሰግናለሁ። ግን ጋቢውን ማን ገዛው? ቆዩ፣ አሁን አትመልሱልኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት እዚችው ጉለሌ ቢሮ የአውሮፕላን ትኬት ሸጥኩ። ልማዳችንን ታውቃላችሁ፤ የተሳፋሪውን ስም መጀመሪያ በእርሳስ እንጽፋለን፣ ቢሮ መጥቶ እንደሚሄድ ሲያረጋግጥ በእስክሪብቶ እናደምቀዋለን።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት የደቡቡ የበረራ መስመር እንዲዘጋ ተወሰነ። ሽያጭ ይቁም፣ ትኬት የያዙት ወደቀሩት ሁለት በረራዎች ይዛወሩ፣ ቦታ ላጣ ገንዘቡ ይመለስ ተባለ። የሽሮ ሜዳውን ሸማኔ ሾዴን ወደ መጨረሻው በረራ ያዛወርኩት እኔ ነኝ። እናቱ እዚያ ደቡብ አገሩ ታማበት ነበር። መጥቶም አረጋግጧል። በማግስቱ መዝገቡን ስገልጥ ስሙ ተፍቆ የአንድ ትልቅ ሰው ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል! ሾዴ በአውቶቡስ ሄደ። ሲደርስ እናቱ ተቀብራለች።

ማን ፋቀው? አራት ዓመት ሙሉ ሁላችሁንም ስጠረጥር ኖርኩ። አንተን ነገራ፣ ላጲስ ከኪስህ ስለማይጠፋ። አንቺን ሀጂራ፣ ያን ሰሞን ዓይን ዓይኔን ማየት ስለተውሽ። አትሳቁ! አለቃችንን ጓድ ላቀውንማ... ይቅር፣ ጡረታዬ ገና አልጸደቀም።

ያኔ ይቅርታ ልጠይቅ ሾዴ ቤት ሄድኩ። ሲሸምን አገኘሁት።

«እትዬ የሺ፣ ከቢሮዎት አንድ ሰው ቀድሞዎት መጥቶ አልቅሷል» አለኝ።

«ማነው?»

«አልናገርም ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»

እጁ ላይ ያለውን ጥለት አደነቅኩለት። «ይሄ ገበያ አይወጣም፤ በእናቴ ስም ነው፣ ቤቴ ለሚመጣ ሰው ብቻ እሠራዋለሁ» አለኝ።

የዚህ ጋቢ ጥለት ያው ነው። ስለ ሾዴ ቤት ለማናችሁም ነግሬ አላውቅም። የገዛው ሰው ግን ቤቱን ያውቀዋል። ቀድሞኝ ሄዶ ያለቀሰውም እሱ ይሆናል።

እኔስ? ሾዴ ያረጋገጠ ዕለት እስክሪብቶዬን ከመሳቢያ ማውጣት ታከተኝና «ነገ አደምቀዋለሁ» ብዬ ተውኩት። በእስክሪብቶ ቢሆን ኖሮ ላጲስ ምን ያደርገው ነበር? ይህን ለሾዴም አልነገርኩትም። እናንተን ስጠረጥር የራሴን ረሳሁት። አፍራለሁ።

ስለዚህ የገዛውን ሰው አትንገሩኝ። ነገ ጋቢውን ለብሼ ሾዴ ቤት እሄዳለሁ፤ የራሴን እነግረዋለሁ።

ካድሬያችን ካልከፋው ልመርቃችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ቤታችሁ አይጉደል፣ የጀመራችሁት መንገድ አይዘጋባችሁ። ስማችሁንም ፈጣሪ በእስክሪብቶ ይጻፈው።