ባርኔጣ ያነሣው ወገብ

ደህና ዋልሽ ልጄ። አይ፣ አትነሺ፤ ውሃም አልፈልግም። ጥላ ፈልጌ ነው፣ እዚች የክሊኒኩ ወንበር ላይ ትንሽ ልረፍ። ይኼ ነፋስ መቼ ነው የሚያባራው? ዝንቡስ? የእናትሽ ዶሮዎች ይጥላሉ? ይጣሉ እንጂ። ዶሮ ሥራዋን ታውቃለች፤ ጎረቤት ይጣልልኝ ብላ አትቀመጥም።

እኔ ወሬ እንደማላበዛ ታውቂያለሽ፣ ጆስሊን። አርባ ዓመት በግ ስሸልት ኖርኩ፤ በግ ደግሞ መልስ አይሰጥ። ዛሬ ግን እስቲ ትንሽ እንጫወት። መጋረጃው ጀርባ የተኛውን ሰውዬ እንረብሸዋለን እንዴ? ... አንረብሸውም። ደግሞስ ቢረበሽ የት ይሄዳል፣ ታስሮ? ግማሽ ሰዓት ነው አልሽኝ? ይበቃናል።

ይቺን ማሽን እወዳታለሁ። ደረቱን በአንድ ቀበቶ፣ ዳሌውን በሌላ ቀበቶ ጠፍረው ያስተኙታል፤ ከዚያ የጠረጴዛው እግርጌ ቀስ እያለ ይሸሻል። ይስባል፣ ይለቃል። ይስባል፣ ይለቃል። ስትተነፍስ ትሰሚያታለሽ? በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ትራስ አለ አለኝ ፊዚዮው፣ ማሽኗን የሚያንቀሳቅሰው የወገብ ባለሙያ፤ ያ ትራስ ሲጨፈለቅ አፈትልኮ ነርቭ ይቆነጥጣል፤ ሲሳብ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቢላዋ የለ፣ ደም የለ። በእኛ ጊዜ ማሽናችን የመሸለቻው ቤት አግዳሚ እንጨት ነበር። በእጄ እንጠለጠልና የሚስቴ ወንድም እግሬን ይዞ ይጎትታል፣ እየሳቀ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እዚህ ደግሞ ሁለት ቀበቶ አብሮ ጀግና አስሯል።

ማን እንደተኛ አልጠየቅሁሽም። ስም መጥራት ምን ያደርጋል? እኔ የማጫውትሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። ከልጄ ከዴንዚል ጋር ከአንድ ጉረኖ በግ ስለሚጎትት አንድ ሸላች።

አንቺ የቢሮ ልጅ ነሽ፤ የጉረኖውን ሕግ ላታውቂው ትችያለሽ። ሁለት ሸላች አንድ ጉረኖ ይጋራል። አንዱን በግ ሸልቶ የጨረሰ ይገባና ሌላ መርጦ ይጎትታል። ከባዱን ማን ይመርጣል? ስለዚህ መጨረሻ ላይ አንድ ይቀራል፤ ግዙፉ፣ ቆዳው የተሸበሸበው፣ ጠጉሩ አሸዋ የጠጣው ሙክት። አተላ እንለዋለን። ሕጉ አጭር ነው፤ እጅህ ባዶ ከሆነና ጉረኖው ውስጥ አተላው ብቻ ከቀረ፣ ያንተ ነው። እሱ ሳይወጣ ጉረኖው እንደገና አይሞላም።

ታዲያ ያ ሸላች በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት አተላ የደረሰው ይመስልሻል? ... አንድም። ዕድል እንዳይመስልሽ፣ ችሎታ ነው። እጁ በጉ ላይ፣ ዓይኑ ጉረኖው ላይ። ሁለት ሲቀሩ እንደ እሱ የሚፈጥን ሰው በዚህ ወንዝ ዳርና ዳር አልተወለደም። አንድ ሲቀር ደግሞ ውሃ ይጠማዋል። እንዲህ ያለ ሰዓት የሚያውቅ ጥማት አይተሽ ታውቂያለሽ? ሌላውን ሰው ውሃ እያሳሳቀ ይወስደዋል፤ እሱን ግን እያሳሳቀ ያድነዋል።

ዴንዚል ሞኝ ነው። እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ ያሳደግሁት። አንድ ቀን፣ ለምን አንተም ውሃ አትጠጣም ስለው፣ «አባባ፣ አንዱ ማውጣት አለበት እኮ» አለኝ። ምን ትይዋለሽ?

ከአምስት ሳምንት በፊት እንደ ልማዱ አንድ ቀረ። መቶ ኪሎ ያልፋል። ያ ሰው ውሃ ጠማው። ዴንዚል ገባ፤ እየጎተተ በሩ ላይ ሲደርስ በጉ ተወራጨ። ወገቡ ጠቅ ሲል እኔ ሱፍ ከምጠርግበት ቦታ ሰማሁት። ልጄ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ግራ እግሩ የሱ መሆኑን ተወ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ። ውሸት ነው። ሰው ሁሉ ሮጦ መጣ፤ ትከሻውን የያዘ አለ፣ እግሩን የያዘ አለ። ያም ሰው ውሃውን ጨርሶ፣ ጣሳውን በቦታው ሰቅሎ መጣ። መጣና... ባርኔጣውን አነሣ። የዴንዚልን ባርኔጣ። አቧራውን እንኳ በእጁ አራገፈለት። እንዲህ ያለ ባልንጀራ ዛሬ ከየት ይገኛል?

በማግስቱ ወገቡን ያዘ። ዴንዚልን ስሸከም ተጎዳሁ አለ። ዋሸ ያሉ አሉ፤ እኔ ግን አልዋሸም ባይ ነኝ። ባርኔጣው የዴንዚል አይደለም እንዴ? ከባድ ባርኔጣ ነው፣ የስንት ዓመት ላብ የጠጣ።

ሐኪሙ የዴንዚልን የወገብ ፎቶ አይቶ የዲስክ መንሸራተት ነው አለ። ይቺን ጠረጴዛ ይሞክር፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እግሩ ነፍስ ካልዘራ ግን ቢላዋ ነው አለ። ጠረጴዛዋ እዚህ የምትመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ለሸላቾች የተተወችውም አንዲት ሰዓት ናት፣ ለሁለት ሰው። ልጄን ላስመዘግብ የመጣሁ ለት መዝገቡን አዙረሽ አሳየሽኝ። ፊደል አላውቅም። የበግ ጆሮ ምልክት እያነበብኩ ነው የኖርኩት። ሐሙስ በሐሙስ፣ የመጀመሪያውም ግማሽ ሰዓት፣ ሁለተኛውም፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ምልክት። የአንድ ሰው መንጋ። ከመስመሩ ውጪ፣ ከግርጌ፣ አንዲት የተለየች። ይቺ የማን ናት ብልሽ፣ የዴንዚል አልሽኝ፤ አንገትሽን ደፍተሽ። አይዞሽ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? ያ ሰው አንድ ጊዜ መሳብ አይበቃኝም ብሎ እያቃሰተ ሲለምንሽ ምን ታደርጊ? ከአንጀት ካቃሰቱ ወረፋ አይገድም። አየሽ፣ መዝገብም ጉረኖ ኖሯል። አተላ አለው።

መድኃኒቷ እንደምትሠራ ግን ምስክሩ እሱ ነው። የመጀመሪያውን ሐሙስ ተሳበ፤ እሁድ የቆርቆሮ ጀልባውን ከመኪናው ላይ ብቻውን አውርዶ ወንዝ ከተተ። ከማዶ ሆኜ መንጠቆ ላይ ትል ስሰካ አየሁት። ጎንበስ ቀና እያለ፣ እንደ ጎረምሳ። እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ። እንዲህ በአንድ ሐሙስ የዳነ ሰው በየሳምንቱ እየመጣ እንደገና መታከሙ ደግሞ ትሕትና ነው። ሌላው ሰው ቢሆን ድኛለሁ ብሎ ይኩራራ ነበር።

ይኼ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ፣ ይቺን ጠረጴዛ ለማምጣት ቀኑን ሙሉ በነፃ የሸለትን ለት የተነሣነው አይደል? መሃል ላይ ደረቱን ነፍቶ የቆመውን አየሽው? ያምርበታል። ዴንዚል የታለ? ... አዎ፣ እዚያ ጥግ ላይ፣ ግማሽ ትከሻ። ኑ ፎቶ ሲባል ጉረኖ ውስጥ አንድ ቀርቶ ነበር።

ዴንዚል አሁን? ውጪ ነው። ፒክአፑ ላይ የሱፍ ጆንያ አንጥፌ አስተኝቼዋለሁ፤ ምናልባት የሚቀር ሰው ቢኖር ብዬ። ስንመጣ ጥላ ነበር፣ አሁን ፀሐይዋ ዞረችበት። ዝንቡን በባርኔጣው ይከላከላል። አዎ፣ ያቺው ባርኔጣ። ለእሱ ቀላል ናት። ወሩ መቼ ነው የሚያልቀው ልጄ? ... ከዛሬ ሌላ ሁለት ሐሙስ። ደግ።

ለሚታከመው ሰው እጁ ላይ ቁልፍ ይሰጡታል አይደል? ካመመህ ተጫናት፣ ማሽኗ ትለቅሃለች ይሉታል። የተባረከ ሐሳብ ነው። በጉ ላይ እንዲህ ያለች ቁልፍ አልነበረችም እንጂ...

ምንድን ነው ዝም ያለው? ማሽኗ ናት? ግማሽ ሰዓቱ ሞላ? ... ገና? ተጫናት እንዴ? እንግዲህ ካመመው ይጫን። የት እንዳመመው ግን አትጠይቂው። የሚገርም ነው፤ እኔ ስለ ሌላ ሰው ሳወራ ይኼኛውን ምን ነካው? ተይ፣ መጋረጃውን አትግለጪ፤ ሰው የጫማውን ክር በሰላም ይሰር። ምን አለ? ሁለተኛውንም ግማሽ ሰዓት አልፈልግም? የሚቀጥሉትንም ሐሙሶች? ጻፊ እንግዲህ፣ ሳይጠማው። በዴንዚል ምልክት ጻፊ፤ አስተውዬ አያለሁ።

በይ እነዚያን ማዶ ያሉትን ወንዶች ጥሪልኝ፤ ልጁን ተሸክመን እናስገባው። ይኼን ታማሚ አታስቸግሪ። ካልከበደው ባርኔጣዋን ይያዝልን።

ያንን ያጫወትኩሽን ሸላች ግን እንዲሁ አምቼው አልሄድም፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ልመርቀው። ብታገኚው አድርሺልኝ። ዕድሜ ይስጠው። ወገቡን እንደ ወንዝ ዳር ዛፍ ቀጥ ያድርግለት። በጤና ወደ ጉረኖው ይመለስ። ዴንዚል እንኳ ባይመለስ ብቻውን አያስቀረው፤ እግዜር ባልንጀራ ይስጠው። ከጎኑ የማይለይ፣ በክፉም በደጉም ከአንድ ጉረኖ አብሮት የሚጎትት፣ ሲወድቅ ሮጦ የሚደርስለት... ቁርጥ እሱን የመሰለ።