ጽዋው ቡፌው ውስጥ ነበር

— ሄሎ... ሄሎ! አቤት፣ ማን ልበል? ... መነጽሬን ሳላደርግ ነው ያነሳሁት፣ ስሙን አላየሁትም... እንዴ! በርናባስ! ልጄ!

— አይ፣ ድምፅህማ አልጠፋኝም። ሰኞ በጠዋት ደውለህ ስለማታውቅ ነው። ሥራ አልገባህም እንዴ? ... እ... ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበቴም ደህና ነው። ልጆቹስ? ... ሚስትህስ? ... ጎሽ።

— ምን ሰማህ? ... ከማን? ... ወለቴ! አውቄዋለሁ! ይቺ አክስትህ ጊምቢ ቁጭ ብላ የነቀምቴን ወሬ ከእኛ ቀድማ ትሰማለች። ሬዲዮ እንኳ ባትሪ ይፈልጋል!

— እሺ፣ ምን አለችህ? ... "ሸዋጌጥ ለየላት"? በዚህ ቃል? ... አይ፣ "ግራ ገብቷታል" ነው ያለችው። እሱ ይሻላል።

— ትኬት? የምን ትኬት? ... ለእሁድ! ቆርጠሃል ወይስ ልትቆርጥ ነው? ... አልቆረጥክም። ተመስገን። እንግዲያው አትቁረጥ።

— አዲስ አበባ መጥቼ ምን ልሠራ? ... "ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ"... "ቤቱን እናከራየዋለን"... በርናባስ፣ አንድ ጊዜ ዝም በል። ትሰማኛለህ? ... ቤቴን ከማከራየትህ በፊት የሆነውን ነገር ከባለቤቲቱ አፍ ስማ። ከዚያ ፍረድ።

— ሌንሳ፣ ኮቱ! ግቢ፣ ግቢ... በርናባስ ነው። — የጎረቤታችን የኩማ ሚስት ናት፣ አካም ጅርታ ብላሃለች። ... እሷም ደህና ናት። ምስክሬ ናት፣ ከጨመርኩ ታርመኛለች።

— እንግዲህ ባለፈው ወር በማርያም የማህበራችንን ጽዋ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ... አዎ፣ የዚህ ወር ተራ የኔ ነበር። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ቡፌው ውስጥ አስቀመጥኩት። ጌሾውን ከኑሪያ ሱቅ ገዛሁ፣ ከበሩ ኋላ ሰቀልኩት። ከዚያ ረሳሁት። ... ምኑን ትላለህ እንዴ፣ ሁሉንም ነዋ! ቡፌውን በየቀኑ እወለውላለሁ። ጽዋውን አነሳና፣ ከሥሩ ጠርጌ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ "አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አላልኩትም።

— ሐሙስ ጠዋት ጉልበቴን ስላመመኝ ቅዳሴ አልሄድኩም። ፀጉሬን ቅቤ ተቀብቼ፣ ፌስታል ራሴ ላይ አጥልቄ፣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እሞቃለሁ። በሩ ተንኳኳ። ብከፍተው... ሃያ አንድ ሰው! ሁሉም ነጭ በነጭ። ከፊት አባ ቂርቆስ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። አንድም የሚያወራ የለም።

— እኔ ምን አውቄ! አባን ለካ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘግቷል። እሳቸው ዝም ሲሉ ማን ደፍሮ ያወራል? ... አሁን አንተ ብትሆን ምን ይመስልሃል? በጠዋት፣ ቄስ ከፊት፣ ነጠላ የለበሰ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ደጅህ ላይ ሲቆም? ... አዎ! መርዶ! ሌላ ምን ይሆናል!

— አንተ ደግሞ ከረቡዕ ጀምሮ ስልክህ ዝግ ነው። አምስት ጊዜ ደውያለሁ። ... ስብሰባ? ስብሰባ እስከ ማግስቱ ስልክ ያዘጋል? ... እ? ድገመውማ... ሌንሳ፣ ስሚ! ቻርጀሩን ቢሮ ረስቶት ነው ይላል! እሱ ቻርጀር ሲረሳ ሥራ በዝቶበት ነው፤ እኔ ጽዋ ስረሳ ትኬት ይቆረጥልኛል! ... ሳቀች፣ ሰማሃት?

— አልቀለድኩም። አንተ የሞትክ መሰለኝ፣ በርናባስ። ... አዎ፣ አንተ። ማንን ላስብ? ያለኝ አንድ ልጅ ነው። "ልጄን!" ብዬ ከነፌስታሌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ... አይ፣ አልተጎዳሁም። ቁጭ ነው ያልኩት፣ አልወደቅኩም። ወለቴ ወደቀች ብላ ከሆነ ጨምራበታለች።

— ቆይ፣ ጉዱ ገና ነው። እነሱ ደግሞ እኔ እንዲያ ስሆን ሲያዩ፣ ከእነሱ በፊት ሌላ ሰው አርድቷት ነው ብለው ለቅሶዬን ተቀበሉኝ! ሃያ አንዱም! "ወይኔ በርናባስ! ወይኔ ያ ጨዋ፣ ያ ሰው አክባሪ!" ... እውነቴን ነው። በሕይወትህ እንዲያ ተመስግነህ አታውቅም። የማህበሩ ሙሴያችን ምን እንዳሉ ታውቃለህ? "ማንጎዬን እየሰረቀ ሲበላ እንኳ በትህትና ነበር" አሉ።

— ኦቦ ኩማ ከጓሮ የሚሸለቅቀውን በቆሎ ጥሎ "ኤኙቱ ዱኤ? ኤኙቱ ዱኤ?" እያለ በአጥር ዘሎ መጣ። ማን እንደሞተ እርግጡን ማን ይንገረው! እኔ ከእነሱ እጠብቃለሁ፣ እነሱ ከእኔ። ኑሪያ ሱቋን ከፍታ ጥላ መጣች። ወደ እድሩ ተሮጠ። ድንኳኑ በጋሪ ደርሶ ሁለት ቋሚ ተተክሎ ነበር... ሦስት? ሌንሳ ሦስት ነው ትላለች። እሺ፣ ሦስት።

— እንዴት ታወቀ? አባ ቂርቆስ ናቸዋ። ጎንበስ ብለው በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው "ልጄ፣ ማን ነገረሽ?" አሉኝ። "እርስዎ ነዎት እንጂ የሚነግሩኝ!" አልኳቸው። "እኔማ ምን ልንገርሽ፣ እኛ የመጣነው ለጽዋው ነው" አሉ። ... እ! ያኔ ቡፌው ውስጥ ያለው ጽዋ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ኑሪያ ሳቀች። ከዚያ ማን ይመልሰን! አባ ሳቁና ሳሉ፣ ሳሉና ሳቁ፣ ውሃ ተሰጣቸው።

— የተተከለ ድንኳን ዝም ብሎ አይነቀልም ተባለና ማህበሩ እዚያው ተጠጣ። ሌንሳ አንጮቴ በቅቤ አመጣች። ኑሪያ ዳቦና ለስላሳ በሳጥን። ጠላው ከወዲያ ጎረቤት መጣ፣ ለልጃቸው ምርቃት የጠመቁትን ቀንሰው ነው። እንዲያ ያለ ማህበር በሃያ ዓመት አላየንም። ... አዎ ሳቅ፣ ሳቅ፣ ሳንባህ ይከፈት።

— ከሰዓት ስልክህ ሲሠራ ደወልኩልህ አይደል? ... "በስህተት ነው" ብዬ የዘጋሁት? ስህተት አልነበረም። "ሄሎ" ስትል ልስማ ብዬ ነው።

— እ? ... አውቃለሁ። ... አውቃለሁ አልኩህ እኮ። ... የድስቱን ደግሞ ማን ነገረህ? ይቺ ወለቴ! ምስሩ አረረ እንጂ ቤቱ አልተቃጠለም። ... ሁለት ጊዜ ነው። ሦስት አይደለም። ሌንሳ፣ ጣትሽን አትቁጠሪብኝ!

— የምን ጥያቄ? ... እሺ፣ ጠይቅ። ... ዛሬ ሰኞ ነው። ... ቀኑ... ቀኑ ጥቅምት ሃያ አምስት። ... አዎ፣ ግድግዳው ላይ አይቼ ነው። ላላየው ለምን ሰቀልኩት? በል አሁን ተራው የኔ ነው። በሃያ አምስት ማን ይታሰባል? ... ገብርኤል?! ወይ ጉድ! ገብርኤል ካለፈ ስድስት ቀኑ! መርቆሬዎስ ነው፣ አንተ የቤተክርስቲያን ልጅ! የሚስትህ የልደት ቀንስ? ... እ? ... አልሰማሁህም፣ ጮክ በል። ... እሷ አጠገብህ የለችም? ተመስገን በል።

— እሺ። እሺ፣ ቁምነገሩን እናውራ። ቀልድ እንደማበዛ አውቃለሁ።

— ... አዎ። ፈርቻለሁ። ይኸው አልኩልህ። ... አልተቆጣሁም፣ የኔ ጌታ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ፣ ኃላፊው የሰው ስም ሲጠራ የፋይሉን ቁጥር በቃሌ ብዬ እጄን ሰድጄ ከመደርደሪያ የማወጣ ሰው ነበርኩ። ፋይል ጠፋ ሲባል ሰዉ ፋይሉን አይፈልግም፣ እኔን ነበር የሚፈልገው። አሁን ቁልፍ ስፈልግ ቆይቼ እጄ ላይ ሳገኘው "መጣብኝ" እላለሁ።

— አያትህን ታስታውሳለህ? ... ትንሽ ነበርክ። መጨረሻ ላይ የገዛ ቤቷ ተቀምጣ "ወደ ቤቴ ውሰዱኝ" ትል ነበር። እኔን ደግሞ "አንቺ ልጅ፣ እናትሽ አትፈልግሽም?" ትለኛለች። እናቴ እኮ ናት፣ በርናባስ! ምን ብዬ ልመልስላት? ... ሰው ፊት እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን የማህበርተኛውን ስም ከአንድ እስከ ሃያ አንድ እቆጥራለሁ። ሁሉንም ካገኘኋቸው የዚያን ቀን ደህና እውላለሁ። አንዱ ከጎደለ እህል አይወርድልኝም።

— ሐኪም ቤት? ... ሄጃለሁ። ... መስከረም ላይ። ... ለማንም አልተናገርኩም። ካርድ ማውጫው ጋ ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ ልጁ "ማዘር፣ ምንዎን ነው ያመመዎት?" አለኝ። "ረስቼዋለሁ" ብዬው ተመለስኩ። ... አንተ! አትሳቅ! ... ሌንሳም ሳቀች። ኧረ ሳቁ! ... ምርመራውን አይደለም የፈራሁት፣ የሚሉኝን ነው።

— አይ፣ አዲስ አበባ ሌላ ነገር ነው። ስማኝ። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፊት ለፊትህ ያለችው ጎረቤትህ ማን ትባላለች? ... "የአራት መቶ ሁለቷ ሴትዮ"! በቃ፣ ሌላ አልጠይቅህም። እዚያ መጥቼ ብረሳ ማን ያስታውሰኛል? እዚህ ጽዋ ብረሳ ሃያ አንድ ሰው በሬን ያንኳኳል። ድስት ብረሳ ሽታው ለሌንሳ ይደርሳታል፣ በአጥር ትጮህብኛለች። ሱቅ ሄጄ የምገዛው ሲጠፋኝ ኑሪያ "ሽንኩርት ነው፣ እትዬ" ትለኛለች፣ ሳልናገር! አዲስ አበባ ከሄድኩ እነዚህን ሁሉ ጥዬ ነው የምሄደው። የእኔ ትዝታ ግማሹ እነሱ ጋ ነው ያለው።

— ደግሞ ለህዳር ጽዮን ጽዋውን እንደገና ተቀብያለሁ። ... አዎ፣ እኔው! ሙሴያችን "ይለፍሽ፣ እረፊ" ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ... ግትር? ከማን ወረስከው መሰለህ አንተስ!

— እ... እ... ይገባኛል። ... አንተም ሰው ነህ፣ ሩቅ ሆነህ ትሰጋለህ። ይገባኛል፣ ልጄ።

— እሺ፣ እንስማማ። እመረመራለሁ። ... ዛሬ። አሁን። ሌንሳ ትወስደኛለች። — ሌንሳ፣ ትወስጂኛለሽ አይደል? — ኤዬ ብላለች፣ እንዲያውም ነጠላዬን ካሁኑ አነሳች። የሚሉኝን ሳልደብቅ፣ ሳልቀንስ እነግርሃለሁ። ... አይ፣ በወለቴ በኩል አይደለም! ራሴ ደውዬ። ክፉ ካሉኝ... ክፉ ካሉኝ ራሴ "ትኬት ቁረጥ" እልሃለሁ፣ አላስለምንህም። ደህና ነሽ ካሉኝ ግን ቤቱን የማከራየት ወሬ ሁለተኛ አይነሳም። እሺ? ... "እሺ" በል፣ በጆሮዬ ልስማው። ... ጎሽ። ተባረክ።

— እ? አልሰማሁህም... ኔትወርኩ... ሄሎ? ... ሄሎ? ... አዎ፣ አሁን ሰማሁህ። ድገመው።

— ... ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይሄ በጠዋት፣ በርናባስ!

— ... እንደ አያትህ ብሆን? አንተን ብረሳህ?

— ... እኔ እንጃ፣ ልጄ። አስቤው አላውቅም አልልህም፣ አስቤዋለሁ። ... እንዲህ እናድርግ። ያን ጊዜ ትመጣና በሩን ታንኳኳለህ። "ማነው?" እላለሁ። "በርናባስ ነኝ" ትለኛለህ። የቱ በርናባስ እንደሆንክ ላላውቅ እችላለሁ... ግን "ግባ" እልሃለሁ። "ተቀመጥ፣ ደክሞሃል፣ ምሳ ብላ" እልሃለሁ። እኔ ከደጄ ሰው መልሼ አላውቅም።

— ... ኧረ አታልቅስ፣ ሰው ያይሃል። ውጣና ፊትህን ታጠብ።

— በል ልሂድ፣ ሰልፉ ሳይበዛ። ... ቻው። ... አንተ ዝጋ... አይሆንም? ... እሺ፣ እኔው ልዝጋው። ቻው፣ የኔ ጌታ።